ካፖርቱን የለበሰው ማን ነበር?

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፤

የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከሆጤ ነው። አያቴ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ክረምት ቤቷን ለማደስ ዕቃ ስናወጣ ከአልጋዋ ሥር በነበረው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በአሮጌ ነጠላ ጥለት የታሰሩ ወረቀቶች አገኘሁ። የእናቴ ታላቅ ወንድም በ1969 በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ጅጅጋ ግንባር ከተላከ በኋላ በሶማሊያ ጦር ተማርኮ፣ ምርኮኞቹ በነሐሴ 1980 በቀይ መስቀል አማካይነት እስኪመለሱ ድረስ እዚያው የቆየ ሰው ነው። በጥለቱ የታሰሩት ከእሱ የመጡ አሥራ አንድ የቀይ መስቀል መልእክቶችና የእኛ ቤት መልስ የተረቀቀበት አንድ ደብተር ናቸው። አያቴ ፊደል ስላልቆጠረች፣ በወይዘሮ ስሂን ይማር የነበረ የጎረቤት ልጅ ቃሏን በደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ያነብላታል፣ ከዚያም በቅጹ ላይ ይገለብጠዋል።

ወንድ አያቴ ያረፈው በሰኔ 1974 ነው። አጎቴ ይህን ሳያውቅ በ1975 በላከው መልእክት፣ «የደሴ ብርድ ለአባባ አይሆነውምና እናንተ ዘንድ ካስቀመጥኩት ገንዘብ ካፖርት ይገዛለት» ይላል። በደብተሩ ላይ ያለው መልስ፣ «ካፖርቱ ተገዝቶለታል፤ ልክ ሆኖታል፤ እሑድ እሑድ ለብሶት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል» የሚል ነው። አጎቴ ተመልሶ ገና ከደጃፍ ሳለ አባቱን ጠየቀ፤ እውነቱ ሲነገረው፣ «ታዲያ ካፖርቱን የለበሰው ማን ነበር?» ማለቱ እስከ ዛሬ በቤታችን ይነገራል። ከዚያ ወዲያ ኮምቦልቻ ኑሮውን መሠረተ። ለበዓል ለአያቴ ሙክት ይልካል እንጂ ራሱ ሐረጎን ወጥቶ የሚመጣው ለልቅሶ ብቻ ነበር። እንዲዋሽ ያዘዘችው እናቱ እንደሆነች ያምናል።

ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በ1974 ረቂቅ ላይ፣ «ልጄ ሆይ፣ አባትህ በዚህ ሰኔ አርፏል፤ በወግ ቀብረነዋል፤ እግዚአብሔር ያጽናህ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ በሁለት መሥመር ተሰርዟል። ከስርዙ በላይ ደግሞ በደቃቅ ጽሕፈት «አባትህ ደህና ነው፣ ሰላም ይልሃል» የሚል ገብቷል። እናቴን ስጠይቃት መጀመሪያ፣ «ያኔ ሳንሱር ነበር፤ ቀይ መስቀል የሞት ወሬ አያደርስም» አለችኝ። በማግስቱ ቡና አፍልተን ሳለ ግን፣ «ሰርዘው ያልኩት እኔ ነኝ፤ እማዬስ ንገሩት ብላ ነበር» ብላ አለቀሰች። አሁን ወረቀቶቹ ተመልሰው ሳጥን እንዲገቡ ትፈልጋለች። አጎቴ ወደ ሰባ ተጠግቷል፣ ደም ግፊትም አለበት። ወረቀቶቹን ብሰጠው የሞተችው ነጻ ትወጣለች፣ በሕይወት ያለችው ትከሰሳለች። ምን ይመክሩኛል?

የእህት ልጅ፣ ከደሴ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፤

ወረቀቶቹ ለአጎትዎ ይሰጡ። አሥራ አንዱን በእጃቸው ጽፈዋቸዋል፣ ደብተሩም ለእሳቸው የተባለውን ሁሉ የያዘ ነው፤ በእናንተ ቤት የተቀመጡት በአደራ እንጂ በርስትነት አይደለም።

የእናትዎን የመጀመሪያ ምክንያት ግን ሳላርም አላልፍም። የቀይ መስቀል መልእክት ሳይታሸግ የሚሄድ ክፍት ወረቀት ነው፤ በሁለቱም ወገን ይነበባል፤ የጦርና የፖለቲካ ነገር አይጻፍበትም። የተወለደውን፣ ያገባውንና የሞተውን ለመንገር ግን የተዘጋጀው እሱ ነው፤ ስለዚህ የአባት ሞት በሳንሱር የሚቆም ወሬ አልነበረም። የ1949ኙ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ለምርኮኛ በወር ቢያንስ ሁለት ደብዳቤና አራት ካርድ ያለ ቴምብር እንዲጽፍ መብት ይሰጣል። እናንተ ቤት ከአሥር ዓመት በላይ የተገኘው አሥራ አንድ ነው። የጠፋው ቢታከልበት እንኳ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። በዓመት አንዴ በሚደርስ ገጽ ላይ መርዶ መጻፍ ለአንዲት ወጣት ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ከዚህ ይገባኛል።

ሌላም ነገር አለ። በአገራችን መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ዘመድና ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ አጠገብ መኖሩን አረጋግጦ ነው የሚረዳው። እናትዎ ወንድማቸውን ማን እንደሚይዝላቸው በማያውቁበት በባዕድ አገር እስር ቤት ውስጥ ሊያረዱ አልደፈሩም። ከካራማራው ድል ከየካቲት 1970 ወዲህም ቤተሰቡ «ዘንድሮ ይለቀቃሉ» ሲል ከርሟል፤ ስምምነቱም ውጊያው ሲያበቃ ምርኮኞች ሳይዘገይ እንዲለቀቁ ያዛል። ሁለቱ መንግሥታት የተፈራረሙት ግን በ1980 ነው፤ ለጥቂት ወራት የታሰበው ውሸት ስድስት ዓመት ኖረ። በዚያ ነሐሴ ከተመለሱት ከ3,500 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን መካከል እንደ አጎትዎ መርዶ ከደጃፍ የጠበቃቸው ጥቂት አይመስሉኝም።

ይህን ማለቴ እናትዎን ከጥፋት ነጻ ለማድረግ አይደለም። ሞትን ሰውሮ ዝም ማለትና ሟችን ካፖርት አልብሶ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መላክ ለየቅል ናቸው። አጎትዎ አባታቸውን አላለቀሱም፣ በአርባቸው አልነበሩም፤ ይባስ ብሎ ለሞተ ሰው ጤና ስድስት ዓመት ጸልየዋል። ቂማቸው መሠረት አለው፤ ያረፈው ግን በማይገባቸው ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ ደብተሩን ይዘው ብቻዎን ወደ ኮምቦልቻ እንዳይወርዱ። የሚናገሩት እናትዎ ናቸው፤ እርስዎ ወረቀት ያዥ ነዎት። አጎትዎ የተሰረዘውን መሥመር በዓይናቸው ከማየታቸው በፊት «እኔ ነኝ ያሰረዝኩት» የሚለውን ከእህታቸው አፍ ይስሙ። በስልክ አይሁን፣ በበዓል ቀንም አይሁን። በማለዳ ተነሡ፤ ጨዋታው ረጅም ነው። ስለ ደም ግፊታቸው ከቤተሰባቸው አንድ ሰው አስቀድሞ ይወቅና በቅርብ ይቆይ። ጸሐፊው ተማሪ በሕይወት ካለ ጥሩ ምስክር ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ግን አይጋበዝ፤ ነገሩ የወንድምና የእህት ነው።

እናትዎ እምቢ ቢሉ ጊዜ ይስጧቸው። ቀኑን ቆርጠው ይንገሯቸው እንጂ ከጀርባቸው አይሂዱ፤ በዚያ ቤት ከጀርባ የተደረገው ይበቃል። ወረቀቶቹን አስቀድመው ፎቶ አንሡ። በእጥፋታቸው ላይ የተሰነጠቁትን በፕላስተር አይለጥፉ፣ ያበላሻቸዋል። ከደብተሩም አንድም ገጽ አይገንጠል፤ የካፖርቱ ገጽ ጭምር።

ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ እናትዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ለካፖርቱ የታሰበው ገንዘብ ምን ሆነ? ለቀብሩ ወጥቶ ይሆናል፣ ለተዝካሩ ወይም ለእህል። አጎትዎ ይህንኑ መጠየቃቸው አይቀርምና መልሱን ይዛችሁ ውረዱ።