መልስ፦ ሲልበሪ ሂል በአንዴ ነው የተቆለለው?

ወንድሜ፣ እንግሊዝ አገር ዊልትሻየር ያለውን ሰው ሠራሽ ጉብታ፣ ሲልበሪ ሂልን፣ «አንድ ንጉሥ አዞ በአንድ ጊዜ ያስቆለለው ነው ወይ?» ብለህ ነበር። አይመስልም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2400 ዓመት ገደማ ሲጀመር ከአንድ ሜትር ያነሰ የጠጠር ክምር ነበር፤ ልጅ ዘሎ የሚያልፈው ማለት ነው። ቀጥሎ ከነሣሩ የተቆረጠ አፈርና ጭቃ ጫኑበት። በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በተጀመረው ቁፋሮ ያ ሣር አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ተገኝቷል፤ ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖችም ነበሩበት።

እኔን የሚደንቀኝ ግን በጉብታው ዙሪያ የቆፈሩት ቦይ ነው። ጉብታው ሲሰፋ የቆፈሩትን ቦይ መልሰው ይደፍኑና ወጣ ብለው ሌላ ይቆፍራሉ፣ ከዚያ ያንንም ይደፍኑታል። ያውም በአጋዘን ቀንድ! አስቀድሞ የተነደፈ ፕላን ያለው ሰው እንዲህ የሚለፋ አይመስለኝም። ዛሬ የምታየው ግዙፍ ቁልል፣ ነጭ የኖራ ድንጋዩ፣ የመጣው በኋላ ነው።

የንጉሥ መቃብር ያልከው አልተገኘም። በ1776 ከአናቱ ቁልቁል፣ በ1849 ደግሞ ከጎኑ ቆፍረው ፈልገዋል። የ1776ቱ ጉድጓድ በ2000 አናቱን አስምጦት፣ ከ2007 ጀምሮ ውስጡን አጥንተው በኖራ ድንጋይ ሞሉት።