ለኮራል ገንዳ «አንድ ትልቅ ፓምፕ ይበቃል ወይ?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ዱባይ ላይ 122 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 46 ስፋትና 53 ከፍታ ያለው፣ 280 ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንዳ ገዝተሻል። ከሥሩ የማጣሪያ ገንዳ ልታስቀምጪ ነው። ሻጩ ደግሞ «በሰዓት 12,000 ሊትር የሚገፋ አንድ ፓምፕ ከታች አስገቢ፤ ማጣራቱንም ማንቀሳቀሱንም እርሱ ይችለዋል» ብሎሻል። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮራል፣ ማለትም በባሕር ድንጋይ ላይ ተተክሎ የሚኖረውን እንስሳ፣ አሳድጋለሁ፤ በመጀመሪያው ገንዳዬ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ውኃውን ከታች ወደ ላይ ከሚመልሰው ቱቦ አፍ ፊት ለፊት ያለው ኮራል ሥጋው ተገፎ አጥንቱ ቀረ። ከድንጋዩ ጀርባ ደግሞ ቀይ ዝልግልግ ሳይኖባክቴሪያ አሸዋውን እንደ ምንጣፍ ሸፈነው። በአንድ ገንዳ ውስጥ ጎርፍም ረግረግም ነበረኝ። ስለዚህ ያንን ፓምፕ አትግዢ።

ውኃ ከታች ወደ ላይ መመለስ አንድ ሥራ ነው፤ ውኃውን በላይኛው ገንዳ ውስጥ ማናወጥ ሌላ ሥራ ነው። ለመጀመሪያው በሰዓት የገንዳውን ይዘት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ መመለስ ይበቃል። ለአንቺ ገንዳ ይህ ከ850 እስከ 1,400 ሊትር መሆኑ ነው። አረፋ ለቃሚው ስኪመር ከዚያ በላይ ቢመጣለት የበለጠ አያጣራም። ትርፉ ጩኸት፣ ወደ ላይ የሚጋዝ የአየር አረፋ እና ሙቀት ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ለዱባይ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ፓምፑ ውኃን ወደ ላይ ሳያወጣ የሚገፋው ነው። ከታችኛው ገንዳ እስከ ላይኛው ጠርዝ አንድ ሜትር ተኩል ሲወጣና በቱቦው እጥፋቶች ሲያልፍ 3,000 የተባለው ፓምፕ ግማሹን ብቻ ሊያደርስ ይችላል። ከፓምፑ ጋር የሚመጣውን የከፍታና የፍሰት ሰንጠረዥ አይተሽ፣ በአንቺ ከፍታ ላይ የሚሰጠውን ቁጥር ያዢ።

የሁለተኛው ሥራ ነገር ግን ሰፊ ነው፤ እኔም ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ በእርሱ ምክንያት ነው። ዓሣ ውኃው ቢከፋበት ተነሥቶ ይሄዳል፤ ኮራል በቆመበት ነው የሚኖረው። ምግቡን የሚያመጣለት፣ ቆሻሻውን የሚወስድለት፣ ትንፋሹን የሚቀይርለት የሚያልፈው ውኃ ነው። በሥጋው ላይ ዘወትር ስስ የረጋ ውኃ ይለጠፋል፤ እንቅስቃሴው በበረታ ቁጥር ይህ ንጣፍ ይሳሳል። ብዙዎቻችን የምንስተው አንድ ነገር ደግሞ አለ። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ቀን ላይ ኦክስጅን ያመርታሉ፤ ያ ኦክስጅን ካልተወሰደ ተጠራቅሞ የራሳቸውን ምግብ የመሥራት አቅም ይቀንሳል። ይህንን ቀይ ባሕር ዳር ኤላት ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች በ2010 አሳትመውታል። እንግዲህ ኮራሉ ቀለሙ ሲደበዝዝ ውድ መብራት ከመጨመርሽ በፊት ውኃው በላዩ ማለፍ አለማለፉን እዪ። በ1998 የባሕር ሙቀት ኮራሎችን ሲያነጣ ኦኪናዋ ላይ በተደረገ ጥናት ደግሞ በጠንካራ ፍሰት ውስጥ የነበሩት፣ በረጋ ውኃ ያሉትን የገደለውን ሙቀት ተቋቁመዋል። የአየር ማቀዝቀዣሽ አንድ ቀን ቢበላሽ ይህ ልዩነት ያድንሻል።

ስንት ያህል ኃይል? ለስላሳ ኮራሎች ብቻ ከሆኑ በሰዓት የገንዳውን ይዘት ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይበቃል ይባላል፤ እንደ አክሮፖራ ላሉት ትናንሽ አፍ ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች ከ30 እስከ 50 እጥፍና ከዚያም በላይ። አንቺ የተለያየ ኮራል ልታቀላቅዪ ስለሆነ በሰዓት ከ4,000 እስከ 5,000 ሊትር የሚያናውጡ፣ ኃይላቸው የሚስተካከል ሁለት ፓምፖች ውሰጂ፤ ድምሩ ከ28 እስከ 36 እጥፍ ይሆናል። ቁጥሩን ግን እንደ ሕግ አትያዢው። 10,000 ሊትር በአንድ ቀጭን መስመር ቢሄድ ጉዳት ነው፤ ተሰባብሮ ገንዳውን ቢሞላ ሕይወት ነው።

ባሕር ውስጥ ሞገድ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ይህ ቀደም ብሎ የገባቸው ሰዎች ብዙ ደክመውበታል። ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዋልተር አዴይ በ1980 ለሕዝብ ያሳየው የኮራል ገንዳ ሞገዱን የሚያገኘው እየሞላ ከሚገለበጥ ባልዲ ነበር። ሆኖሉሉ ውስጥ በዋይኪኪ አኳሪየም ብሩስ ካርልሰን ከላይ የተሰቀለ በርሜል ሲሞላ በራሱ በቱቦ ተስቦ በአንድ ጊዜ እንዲወርድ የሚያደርግ ዘዴ ሠራ። ዛሬ ያንን ሥራ ትንሽ መቆጣጠሪያ ይሠራልናል፤ ሁለቱን ፓምፖች በየተራ ያበረታል፣ ያደክማል።

አቀማመጡን እኔ እንዲህ አደርገዋለሁ። አንዱን በግራው አጭር መስታወት ላይ፣ ከውኃው ገጽ ከስምንት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ፣ አፉን ጥቂት ወደ ላይ ቀና አድርጌ አስረዋለሁ። የውኃውን ገጽ እንዲያንቀጠቅጠው ነው፤ ኦክስጅን የሚገባው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው በዚያ ነውና። ሁለተኛውን በቀኙ መስታወት ላይ ወደ ኋላ ማዕዘን ጠጋ፣ ወደ መካከለኛው ከፍታ ዝቅ አድርጌ፣ አፉን በሰያፍ ወደ ፊተኛው መስታወት አዞራለሁ። ውኃው መስታወቱን መትቶ ይበተናል፤ ከላይኛው ጋር ሲገናኝም አቅጣጫው የማይታወቅ ሽክርክሪት ይሆናል። የትኛውም አፍ ከ30 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት ኮራል ላይ አያነጣጥር።

ድንጋዩን የፓምፖቹን ቦታ ከወሰንሽ በኋላ ደርድሪ። ይህን ምክር ማንም አልሰጠኝም ነበር። ድንጋይ በኋለኛው መስታወት ላይ እንደ ግንብ ከተደገፈ የትኛውም ፓምፕ ከኋላው አይደርስም። ሁለት ደሴት አድርጊው፤ በመካከላቸው መተላለፊያ ይኑር፤ ከኋላው መስታወት ቢያንስ ሰባት ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከሥሩም በጥቂት እግሮች ቆሞ ውኃ ይለፍበት። አሸዋውም ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር የሆነው ይሻላል፤ እንደ ዱቄት የላመው በዚህ ፍሰት ይበተናል።

ከዚያ ሞክሪው። ማታ መብራቱን አጥፍተሽ፣ ደረቅ የዓሣ ምግብ በጣትሽ አድቅቀሽ በትኚና በእጅ ባትሪ ከጎን አብሪ። ቅንጣቱ የት እንደሚሮጥ፣ የት እንደሚዞር፣ የት እንደሚያርፍ ታያለሽ። የሚያርፍበትን ቦታ በወረቀት ላይ ምልክት አድርጊ፤ ከሁለት ወር በኋላ ቀይ ዝልግልጉ የሚወጣው እዚያው ነው። ኮራሎቹ ከገቡ በኋላ ደግሞ እነርሱ ይነግሩሻል። ረጃጅም እጅ ያላቸው የዩፊሊያ ዓይነቶች ነፋስ እንደሚያልፍበት የጤፍ ማሳ ሄደው መመለስ አለባቸው። ጎርፍ እንዳስተኛው ሣር ወደ አንድ ወገን ብቻ ከተኙ ፍሰቱ በዝቷል፤ ሥጋቸው በራሳቸው ስለታም አጥንት ይቀደዳል። የባሕር አበባ (አኔሞን የሚባለውን እንስሳ) ልታስገቢ ካሰብሽ የፓምፖቹን አፍ በወንፊት ሸፍኚ፤ እየተሳበች ሄዳ ትገባበታለች።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትሰሚኝ የምፈልገው ነገር ላይ ደረስኩ፦ ውኃው ሲቆም ምን እንደሚሆን። ጁን 29 ቀን 2012፣ ዓርብ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ቀኑን 40 ዲግሪ ሆኖ ዋለ። ማታ ደሬቾ የሚባለው የነፋስ ማዕበል መጣና በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች መብራት አጡ። በጨለማው ውስጥ በመጀመሪያ የሰማሁት የውኃ ድምፅ ነው። የመመለሻ ቱቦዬ አፍ ከውኃው ገጽ 15 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ነበር፤ ፓምፑ ሲቆም ቱቦው ወደ ኋላ መሳብ ጀመረ። የእኔም ገንዳ እንዳንቺው 122 በ46 ስለነበር እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 5.6 ሊትር ነው፤ በ15 ሲባዛ 84 ሊትር። የታችኛው ገንዳ ለመቀበል የቀረው ቦታ 30 ሊትር ነበር። የተረፈው ምንጣፋችን ላይ ፈሰሰ። ጨዋማውን ውኃ በፎጣ ስንጠርግ አመሸንና ጠዋት መብራቱ ይመለሳል ብለን ተኛን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስነሣ ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው በገጹ ላይ ነበሩ። ባለቤቴና እኔ በየተራ በጆግ እየቀዳን ከከፍታ መልሰን ስናፈስ ነጋ። ሁለት ዓሦችና ትልቁ አክሮፖራዬ አልዳኑም። መብራቱ የተመለሰው በአምስተኛው ቀን ነው። ያን አክሮፖራ ከአውራ ጣት ከማይበልጥ ቁራጭ ነበር ያሳደግሁት።

ዱባይ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም ትይ ይሆናል፤ ነገር ግን አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ የቤትሽ መብራት ማቋረጫ ቢወርድ ለዓሣው ልዩነት የለውም። ስለዚህ የመመለሻው አፍ ከገጹ ከሁለት ሴንቲ ሜትር አይጥለቅ፤ ከገጹ ዝቅ ብሎም ትንሽ ቀዳዳ ይበሳበት፤ ውኃው ሲወርድ አየር ገብቶ ስበቱን እንዲቆርጥ። በማይመልስ ቫልቭ ብቻ አትተማመኚ፤ ኖራና ቀንድ አውጣ ገብቶበት ሳይዘጋ ይቀራል። የታችኛው ገንዳሽ ሁልጊዜ ቢያንስ 40 ሊትር ባዶ ቦታ ይኑረው። ሁሉንም ከሞላሽ በኋላ ሶኬቱን ነቅለሽ ቆመሽ እዪ። ከሁለቱ ሞገድ ሰሪዎች አንዱ በባትሪ የሚሠራ ዓይነት ይሁን። 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ 10 ዋት የሚወስድ ፓምፕ ቢበዛ ስምንት ሰዓት ያሠራል፤ በዝቅተኛ ኃይል ከሆነ ደግሞ በጣም ይቆያል።

ውኃው ወደ ታች ለሚወርድበት ሦስት ቱቦ አድርጊ፦ አንደኛው ሙሉ በሙሉ በውኃ ተሞልቶ ያለ ድምፅ የሚወርድ፣ በቫልቭ የሚስተካከል፤ ሁለተኛው ጥቂት ትርፍ ብቻ የሚያንጠባጥብ፤ ሦስተኛው ደረቅ ሆኖ ለአደጋ የሚጠብቅ። አንደኛውን በእጅሽ ደፍነሽ ሁለቱ ተሸክመውት እንደሆነ ፈትሺ። በሦስት ወር አንዴ ፓምፖቹን አውጥተሽ በአቼቶና ለብ ባለ ውኃ ለአንድ ሰዓት አዙሪያቸው፤ ኖራው ይለቃል፣ ጉልበታቸው ይመለሳል። የኤሌክትሪክ ገመዶቹም ከሶኬቱ በታች ዞረው ይውጡ፤ ጠብታው ወለል ላይ ይውረድ እንጂ ሶኬት ውስጥ አይግባ።

መስታወቱን ለማስበሳት ለቅዳሜ መቅጠርሽን ጽፈሻል። ከዚያ በፊት ሻጩን የኋላውም የታችኛውም መስታወት በሙቀት የጠነከረ መሆን አለመሆኑን ጠይቂው። የጠነከረ መስታወት አይበሳም፤ መሰርሰሪያው እንደነካው ሙሉ በሙሉ ይፈረካከሳል። ከጠነከረ በጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ማውረጃ ሳጥን ስላለ ንድፉን በእርሱ እንቀይረዋለን፤ ካልጠነከረ የቱቦዎቹን ዲያሜትርና ቀዳዳዎቹ የሚያርፉበትን ልክ እስከ ዓርብ ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።