አነባለሁ፤ ግን አይገባኝም፣ አይለውጠኝም

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎት። የምኖረው ደሴ ነው፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ እህል እነግዳለሁ። የልጆች እናት ነኝ። መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት ጀምሬ ልጨርስ ብዬ ሁለት ሦስቴ ተነሣሁ፤ ዘሌዋውያን ላይ ስደርስ ይሰለቸኝና እተወዋለሁ። አሁን አሁን ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥ አደርግና የመጣልኝን ጥቅስ የዕለቱ መልእክቴ አድርጌ እይዛለሁ። አንዳንድ ቀን ደስ የሚል ይወጣል። አንዳንድ ቀን ደግሞ እርግማን ይወጣና ስፈራ እውላለሁ። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ቁርኣኗን በቃሏ ስትወጣው ስሰማ በራሴ አፍራለሁ። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ማንበቤም የለወጠኝ ነገር የለም። ያው ቁጡ ነኝ፣ ያው ሐሜተኛ ነኝ። እንዴት ላንብብ? በስልክ ማንበብስ ነውር ነው?»

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላሙ ለአንቺም ለቤትሽም ይሁን። የጠየቅሽው ብዙ ነው፤ ከገለጣው ልጀምር። እሱ ዛሬውኑ ቢቆም ደስ ይለኛል።

መጽሐፍ ገላጭ ቤት ሄደሽ «ዕጣዬን ይዩልኝ» ብትይ የንስሐ አባትሽ ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ። ዓይን ጨፍኖ ቅዱስ መጽሐፍን ገልጦ የቀን ዕድል ማየትም የዚያ ዘመድ ነው። ዘዳግም 28 ወጣልሽ እንበል። ያ እርግማን ለማን ተነገረ? በምን ምክንያት? ከፊቱ ደግሞ በረከት ተዘርዝሯል፤ ጣትሽ ግን እዚያ ላይ አላረፈም። አንዲት መስመር ይዘሽ እየፈራሽ ሱቅ ትከፍቻለሽ። ደስ የሚለው የወጣ ቀንም ያው ነው። ሰይጣንም እኮ ጥቅስ ያውቃል። በማቴዎስ 4 ጌታችንን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰው ከዳዊት መዝሙር፣ ከ90ኛው ነው። ቃሉን አልፈጠረም፤ ከቦታው ነቅሎ ለማይሆን ነገር አዋለው እንጂ።

ዘሌዋውያን ላይ መሰልቸትሽ አይገርመኝም። የመሥዋዕቱ ሥርዓት፣ የለምጹ ምርመራ፣ የሚበላውና የማይበላው፤ ያለ አስተማሪ ከባድ ነው። ባለ አስተማሪም ቀላል አይደለም። እኔ የምመክርሽ መጀመሪያ ወደ ዕብራውያን ሰዎች መልእክት፣ ወደ ምዕራፍ 9 እና 10 ሄደሽ እንድትመለሺ ነው። ዘሌዋውያን 16 ላይ ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ቀን የእንስሳ ደም ይዞ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ይገባል። ዕብራውያን ደግሞ ክርስቶስ በገዛ ደሙ አንድ ጊዜ እንደገባ ይነግርሻል። ያን ጊዜ የፍየሉና የወይፈኑ ነገር ወዴት ሲያመለክት እንደነበር ይገባሻል።

እኔን የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ትንሽ ብትገፊ ምዕራፍ 19 ላይ ትደርሺ ነበር። ያ ምዕራፍ ለእህል ነጋዴ የተጻፈ ነው የሚመስለው።

መጨረሻው አካባቢ ስለ ሚዛንና ስለ መስፈሪያ ይናገራል፤ በመለካት፣ በመመዘን፣ በመስፈር ዓመፅ አታድርጉ ይላል። ቁጥር 35 እና 36 ነው። ጤፍሽን ከመመዘንሽ በፊት አንብቢው። ሚዛኑ ትክክል ነው? ማሽላው ሳይነፋ፣ አፈሩ ከነክብደቱ እየተሸጠ ነው? ኪሎ እንዲያነሣ ውኃ የነካው እህል አለ? አንቺ ታደርጊዋለሽ አላልኩም። ገበያ ውስጥ እንደሚደረግ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለውን አባባል ከእናትሽ ሰምተሻል። ጌታም በማቴዎስ 7 በምትሰፍሩበት መስፈሪያ ይሰፈርባችኋል ብሏል።

ወደ ላይ ከፍ በይ። ቁጥር 9 እና 10 ላይ እርሻህን ስታጭድ ዳር ዳሩን አትጨርስ፣ ቃርሚያውንም ለድሃውና ለመጻተኛው ተው ይላል። አንቺ እርሻ የለሽም፤ ነገር ግን ከጆንያ የሚፈስ፣ ከሚዛን ሥር የሚወድቅ እህል አለሽ። እሱን ለመልቀም የሚመጡ እናቶችን አንዳንድ ነጋዴ በመጥረጊያ ሲያባርር አይቻለሁ። ዘሌዋውያን የሚያወራው ስለዚያ ነው። ቁጥር 13 ደግሞ የሠራተኛ ደመወዝ አንተ ጋ አይደር ይላል። ኩንታል ያወረደልሽ ወዛደር «ነገ ና» ተብሎ ሄዷል? ቁጥር 32 በሽበታም ፊት ተነሥ ይላል። እሱስ እኛ ወሎዬዎች አንታማበትም፤ ሽማግሌ ሲገባ የማይነሣ ልጅ ያላደገ ነው የሚባለው። ቁጥር 18 ላይ ደግሞ «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ተቀምጧል። ብዙ ሰው ይህን ቃል መጀመሪያ በወንጌል የተነገረ ይመስለዋል። ጌታ የጠቀሰው ከዚሁ፣ አንቺ ከሰለቸሽ መጽሐፍ ነው።

ቁጥር 16ን ለመጨረሻ ያቆየሁት ራስሽ ስላነሣሽው ነው። በሕዝብ መካከል ወሬ እያመላለስክ አትዙር ይላል። ሐሜተኛ ነኝ ብለሻል። ሐሜት የት እንደሚወለድ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። አቦሉ ላይ የሰው ስም ይነሣል፣ ቶናው ላይ ይብጠለጠላል፣ በረካው ላይ ሥጋው አልቆ አጥንቱ ይቀራል። ቡናውን ተይ አልልሽም። ጎረቤት ጥሎ መንፈሳዊ ልሁን ማለት ወሎ ውስጥ አያምርም፣ ወንጌልም አይደለም። ግን ቁጥር 16ን ይዘሽ ግቢ። የሌለ ሰው ስም ሲነሣ ወሬውን ወደ ሌላ አዙሪ፤ ካልሆነም ዝም በይ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ሰንብቺ። ሳትወድቂ አትቀሪም። የወደቅሽውን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ እንደገና ያዥው።

እንግዲህ «አንብቤ አልተለወጥኩም» ላልሽው ከሞላ ጎደል መልሴ ይኸው ነው። ብዙ ምዕራፍ ስላላነበብሽ ነው ብዬ አላምንም። ያነበብሽው ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ሱቅና ወደ ቡናው ስላልመጣ ነው። ቅዱስ ያዕቆብ በምዕራፍ 1 «ቃሉን የምታደርጉ ሁኑ እንጂ የምትሰሙ ብቻ አትሁኑ» ይላል። ጌታችን ደግሞ በዮሐንስ 7፥17 ከዚህ ጠለቅ ያለ ነገር ተናግሯል። የእግዚአብሔርን ፈቃድ ሊያደርግ የወደደ ሰው ትምህርቱ ከእግዚአብሔር መሆኑን ያውቃል ብሏል። ልብ በይ፤ ማድረግን የወደደ ያውቃል ነው ያለው። እኛ ግን ሁሉን ካወቅን በኋላ ልናደርግ ቀጠሮ ይዘናል። ወሬ መመለስን የሞከረ ሰው ስለ ምላስ የተጻፈው የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 3 ሲነበብለት ሌላው የማይሰማውን ይሰማል።

አባታችን እንጦንስን ተመልከቺ። ወላጆቹ ሞተውበት ሀብት የወረሰ ወጣት ነበር። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወንጌል እየተነበበ ነው፤ ፍጹም ልትሆን ብትወድ ሂድና ያለህን ሽጠህ ለድሆች ስጥ የሚለው የማቴዎስ 19 ቃል። ሰምቶ ወጣና መሬቱን አከፋፈለ። «ይህማ ገለጣ አይደለም እንዴ?» ትዪኝ ይሆናል። አይደለም። እንጦንስ ዕጣ አላወጣም። ቤተ ክርስቲያን ለዕለቱ የሠራችው ንባብ ሲነበብ ተገኘ፣ ሰማ፣ አደረገ። አንቺም ሱቅሽን ሽጪ ማለቴ አይደለም፤ የእሱ ጥሪ የእሱ ነው። አካሄዱን ግን መውሰድ ትችያለሽ።

ስለዚህ ከየት ላንብብ ካልሽ፣ ከግጻዌ። ግጻዌ ለየዕለቱና ለየበዓሉ የሚነበበውን የሚያሳይ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ነው። በቅዳሴ ላይ ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ከሐዋርያት ሥራ ይነበባል፤ ከዳዊት መዝሙር ምስባክ (ከወንጌሉ በፊት የሚዜመው ጥቅስ) ይሰበካል፤ ከዚያ ወንጌሉ ይከተላል። አብዛኛው ሰው ወንጌሉ ላይ ይደርስና «ምን ተነበበ?» ቢባል አያስታውስም። ቅዳሜ ማታ የእሑዱን ወንጌል ቤትሽ አንብቢው። እሑድ ቆመሽ ስትሰሚው እንግዳ አይሆንብሽም። ስብከቱም ይገባሻል፤ ሰባኪው ቢስትም ታውቂበታለሽ (ይህን ለሰባኪዎቻችን አትንገሪብኝ)።

ለምሳሌ የዐቢይ ጾምን እሑዶች ውሰጂ። ሁለተኛው ቅድስት ነው፤ ወንጌሉ ማቴዎስ 6፣ ስለ ጾምና በሰማይ መዝገብ ስለ መሰብሰብ። ሦስተኛው ምኩራብ ነው፤ ዮሐንስ 2፣ ጌታ ሻጮችንና ለዋጮችን ከመቅደስ ሲያስወጣ። አራተኛው መጻጉዕ፣ ዮሐንስ 5 ነው። ስድስተኛው ገብር ኄር፣ ማቴዎስ 25፤ ጌታቸው መክሊት ሰጥቷቸው የሄደ አገልጋዮች። ነጋዴ ናትና ያንቺ ቢጤ ሴት ገብር ኄርን ከእኔ በተሻለ ትሰማዋለች፤ ትርፍና ኪሳራ፣ ሒሳብ መተሳሰብ ምን እንደሆነ ታውቃለች። በዚህ ዓይነት ዓመቱን ከዞርሽ ወንጌሉ ከጾሙና ከበዓሉ ጋር ተያይዞ ልብሽ ውስጥ ይቀመጣል። 81ዱን መጻሕፍት ከዳር እስከ ዳር ማንበብ መልካም ነው፤ ግን ይደረስበታል። አሁን አያስቸኩልሽ።

የማይገባሽ ቦታ ላይ ስትደርሺ አትገምቺ። የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለውን ጃንደረባ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በሠረገላ ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። የንግሥት ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው፤ ማንበብ ይችላል፤ አይገባኝም ለማለት ግን አላፈረም። ጴጥሮስም በሁለተኛው መልእክቱ መጨረሻ በጳውሎስ መልእክታት ውስጥ ለማስተዋል የሚያስቸግር ነገር አለ ይላል። ለሐዋርያ ያስቸገረው እኔንና አንቺን ቢያስቸግር ምን ይገርማል?

ደግሞ የምትኖሪበትን አገር አስቢ። ከደሴ ብዙ ሳትርቂ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ጉባኤ ዘርግተው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙዎችን ያስተማሩበት። ቦሩ ሜዳ ሥላሴ እዚሁ ነው፤ መምህር አካለ ወልድ ያስተማሩበት። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች መምህሩ አንዱን ቃል ይተረጉሙና «አንድም» ብለው ሌላ ምሥጢር ያወጣሉ፤ ደግሞ «አንድም» ይላሉ። ተማሪው አንድ ገጽ ላይ ሲውል ጊዜ አባከንኩ አይልም። አንቺ ጉባኤ ቤት መግባት አትችዪም፤ ጥያቄሽን በደብተር ጽፈሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባትሽን ወይም የሰበካሽን መምህር መጠየቅ ግን ትችያለሽ። ደብተሩ የሱቅ ዱቤ የምትጽፊበት ቢሆንም ግድ የለም።

ጊዜ የለኝም እንዳትዪኝ። ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ አልዓዛር ባስተማረበት ስብከቱ ላይ እንዲህ የሚሉ ሰዎችን ይመልሳል። «ሚስትና ልጆች አሉኝ፤ ማንበብ የመነኮሳት ሥራ ነው» ይሉ ነበር። እሱ ግን ከመነኩሴው ይልቅ የሚያስፈልገው ለእናንተ ነው፤ የምትቆስሉት እናንተ ናችሁ አላቸው። ገበያ ውሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳዋል።

ስለ ጎረቤትሽ። ማፈርሽ ክፉ አይደለም፤ ቅናቱን ግን ለመልካም አውዪው። በቃል መያዝ የእኛም ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው ሲያደርሱ ነው ያደግነው። በማቴዎስ 5 መጀመሪያ ካሉት «ብፁዓን ናቸው» ከሚሉት ጀምሪ። ልጆችሽን ይዘሽ፣ በሳምንት አንድ መስመር። ግን ቃሉን ለክርክር ብለሽ እንዳትይዥ። ቡና አብራችሁ የምትጠጡ፣ ሐዘንና ደስታ የምትካፈሉ ሰዎች ናችሁ። ስለ እምነትሽ ብትጠይቅሽ ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ 3፥15 እንዳለው በየዋህነትና በፍርሃት መልሺላት። የማታውቂውን «ጠይቄ እነግርሻለሁ» በያት።

ስልኩ ነውር የለበትም። ቃሉ በብራና ነበር፣ በወረቀት ሆነ፣ አሁን በስልክም አለ። ችግሩ ማሳወቂያው ነው። ሁለት ቁጥር ሳታነቢ መልእክት ይገባል፣ ከዚያ ቪዲዮ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያልቃል። ስታነቢ ኢንተርኔቱን አጥፊው። ቤት ውስጥ ግን የወረቀቱን ብትይዢ ይሻላል፤ ልጆችሽ ስልክ የያዘች እናት ሲያዩ ምን እያነበበች እንደሆነ አያውቁም።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ እንዳልረሳ። ምስባኩን ፈልገሽ የመዝሙሩ ቁጥር አልገጥም ቢልሽ ግራ አይግባሽ። በዳዊታችን «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» 22ኛ መዝሙር ነው፤ በአንዳንድ ኅትመት ግን 23 ተብሎ ታገኚዋለሽ። ከ10ኛው በኋላ ያሉት አብዛኞቹ እንዲህ በአንድ ቁጥር ይለያያሉ። ባላገኘሽው ጊዜ ቀጣዩን ገልጠሽ እዪው።