«ያቺ የምትስቀው ልጅ ክፉ ናት?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልን። እኔና እህቴ መንታ ነን፤ የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የአክስታችን ልጅ አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 ትቶልን ስለሄደ ክረምቱን ፋታል ፍሬም 2ን ስንጫወት ከረምን። ስንጨርሰው እህቴ አለቀሰች፣ እኔ ተናደድኩ። ነጭ ለብሳ የምትስቀው ሳኤ ክፉ ናት እላለሁ፤ እህቴ ደግሞ ተበድላ ነው ትላለች። ማናችን ልክ ነን? ያመለጠችው ያኤስ ለምን አልተመለሰችላትም?

መንትዮቹ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እህትሽ ረታሻለች። መናደድሽ ግን ልክ ነው፤ ሰው ነው የተሳሳትሽው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። የጃፓኑ ቴክሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ማዩ የምትባል ልጅ ቀይ ቢራቢሮ ተከትላ ጫካ ትገባለች። መንታ እህቷ ሚዮ ደግሞ እሷን ትከተላለች። ሁለቱም ከምድረ ገጽ የጠፋ መንደር ውስጥ ራሳቸውን ያገኙታል። ጠመንጃ የለም፣ ጎራዴ የለም። መንፈስ የሚመታው በአሮጌ ካሜራ ነው። አብዝቶ የሚጎዳው ደግሞ ሊይዝሽ እጁን ሲሰነዝር ያነሳሽው ፎቶ ነው። ከሩቅ ብታነሺው እምብዛም አይሰማውም። ፈሪ አይጫወተውም የምለው ለዚህ ነው።

መንደሩ ስር የሙታን ጥልቅ አለ። እንዳይከፈት መንታ ይገበርለታል። ታላቅየዋ ታናሿን በገዛ እጇ አንቃ ትገድላለች። ያን ጊዜ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፣ የታነቀችውም ቀይ ቢራቢሮ ትሆናለች ይላሉ። በእነሱ ሕግ ደግሞ ቀድማ የተወለደችው ታናሽ ናት፣ ኋላ የመጣችው ታላቅ። እናንተ ቤት ይህን ጨዋታ አታንሱት፣ ጠብ ነው!

ሳኤና ያኤ የመንደሩ አለቃ የርዮካን ኩሮሳዋ ልጆች ናቸው። ተራው የእነሱ ሆነ። ኢትሱኪ የሚባል ወጣት ግን አዘነላቸው። እሱ በዚሁ ሥርዓት መንታ ወንድሙን አንቆ የገደለ ነው፤ ያም ሆኖ ሥርዓቱ አልሰመረም፣ የእሱም ጸጉር ነጭ ሆኖ ቀረ። እህትማማቾቹን በሌሊት አሾልኮ ሰደዳቸው። ጫካው ውስጥ ሳኤ ወደቀች። ያኤ አመለጠች። ሳኤን አሳድደው ያዟትና መለሷት። ጊዜ አልቆ ነበርና አባቷ ብቻዋን በገመድ አሰቀላት። ሥርዓቱ የእህቷን እጅ ይፈልግ ስለነበር አልሠራም። ጥልቁ ተከፈተ፣ መንደሩም በአንድ ሌሊት አለቀ። ከሙታን ጋር ተነስታ የጨረሰቻቸው ሳኤ ናት። አልክድም።

አሁን ወደ ሳቋ ልምጣ። የኩሮሳዋ ቤት ውስጥ ስታሳድዳችሁ ታስታውሳላችሁ አይደል? እዚያ ካሜራው አይረዳም፣ ከነካችሽ አለቀልሽ፣ ማምለጥ ብቻ ነው። እኔ ያን ቦታ ስጫወት እናቴ ከጓዳ እንዝርቷን እንደያዘች ብቅ አለች። የሞጣ ሰው ናት፤ ሰይጣን ቢመጣ ፈትሏን አታቋርጥም። ያን ቀን ግን አቋረጠች።

«ምን ሆና ነው እንዲህ የምትስቅ?»

ነገርኳት።

«አባቷ ነው ያሰቀላት?»

«አዎ።»

«ቀበሯት?»

«ጥልቁ ውስጥ ጣሏት።»

«ፍታት የለ፣ ተዝካር የለ፤ ታዲያ እንዴት ትረፍ!» ብላ ተቆጣች። የተቆጣችው እኔን ነው፣ ሳኤን የማሳድዳት እኔ ይመስል። ጃፓኖችም ከዚህ አይርቁም። ተበድሎ፣ ቂም ይዞ የሞተ ሰው አያርፍም የሚል የቆየ እምነት አላቸው። የለበሰችው ነጭም ቢሆን እዚያ ሙት የሚገነዝበት ነው።

እናቴ ያልነካችው አንድ ነገር አለ። ሳኤን ያሳበዳት ገመዱ አይመስለኝም። እሷ መሞቱን ተቀብላው ነበር፤ በያኤ እጅ ሞታ ከያኤ ጋር አንድ መሆን ትፈልግ ነበር። የሸሸችው እህቷ ሽሽ ስላለቻት ነው። ከያዟት በኋላም ያኤ ትመለሳለች ብላ ጠበቀች። ገመዱ እስኪገባላት ድረስ ጠበቀች። ከሞተችም በኋላ መጠበቁን አልተወችም። ሚዮን ስታይ «ያኤ» ብላ የምትጠራት ለዚህ ነው። እኔ በዚያ ሳቅ ውስጥ «መጣሽልኝ!» የሚል ደስታ ነው የምሰማው፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ማዩንም አትርሷት። ልጆች ሆነው ሚዮ ፊት ፊት ስትሮጥ፣ ማዩ እደርስባታለሁ ብላ ከገደል ወድቃ ጉልበቷ ተጎድቷል፤ ይኸው ታነክሳለች። ሳኤ ከመንደሩ ሙታን ሁሉ ቀላሉን በር ያገኘችው እዚህች ልጅ ውስጥ ነው። ሁለቱም ከኋላ የቀሩ ናቸው። መጨረሻ ላይ ሚዮ ስታንቃት ማዩ ያልታገለችው ሳኤ ስላደረችባት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የራሷም ፈቃድ አለበት ባይ ነኝ።

ያኤ ለምን አልተመለሰችም ላላችሁት፣ መልሱ ያለው የመጀመሪያው ጨዋታ ውስጥ ነው። ከጫካው ስትወጣ ማንነቷ ጠፍቶባት ነበር። እህት እንዳላትም አታውቅም። የኢትሱኪ ወዳጅ የነበረ ርዮዞ ሙናካታ የሚባል ተመራማሪ አገኛት፣ አገባትም። ሴት ልጅ ወለዱና ሂሙሮ የሚባል ግቢ ገቡ። እዚያ ልጅቷ ጠፋች። ያኤ ሐዘኑን አልቻለችም፣ ራሷን ሰቀለች። አንዷ በአባቷ እጅ፣ አንዷ በራሷ እጅ፤ ሁለቱም በገመድ ሄዱ። ታሪኩን የጻፉት ሰዎች ይህን ሲያስቡ እንዴት እንቅልፍ እንደወሰዳቸው እንጃ።

እንግዲህ ንዴትሽን ወደ አባትየው አዙሪው። እሱን ማንም አያነሳውም፤ የሚፈራውም የሚጠላውም ልጅቷ ላይ ይወርዳል።

እህትሽን እንደዚያ ካስለቀሳት በከባዱ ደረጃ ድገሙት። ሌላ መጨረሻ አለ፤ ሁለቱም ይተርፋሉ፣ ሚዮ ግን ጥልቁን በማየቷ ዓይኗ ይጠፋል። በ2004 ለኤክስቦክስ የወጣው ደግሞ ሁለቱም በሰላም የሚወጡበትን ጨምሯል። እኔ አልወደድኩትም። እህትሽ ግን ትወደው ይሆናል።

ከዚያ በ2005 የወጣውን ሦስተኛውን ፈልጉ። አጎታቸው ኬይ አማኩራ ተጫዋች ሆኖ ይመጣል፣ ሚዮም ከእህቷ በኋላ ምን እንደደረሰባት ታያላችሁ። ፋኖስ ባገኛችሁ ቁጥር ሴቭ አድርጉ፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ የደብረ ማርቆስን ሰው አልመክርም።