ቦታው ዋልካ፣ ፕላኑ ከቴሌግራም

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በማኅበር ተደራጅተን ቦታ ደርሶናል፤ የኔ 150 ካሬ ነው፣ 10 በ15። ቴሌግራም ላይ አንድ የሚያምር ባለ ሦስት መኝታ ፕላን አይቼ አውርጄዋለሁ። ግንበኛው "ይሄን እያየሁ እሠራልሃለሁ፣ ለመሐንዲስ ምን አስከፈለህ" ይለኛል። ሚስቴ ግን አልተዋጠላትም። እግዜር ካለ ከዓመታት በኋላ ፎቅ ልጨምርበት አስባለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እኔም ከሚስትህ ጋር ነኝ። ፕላኑ ያምር ይሆናል፣ እሱን አልከራከርህም። የሣለው ሰው ግን ያንተን አፈር አላየም።

መጀመሪያ ካርታህን ይዘህ ቦታው ላይ ሂድ። ችካሉ በቦታው መኖሩን አረጋግጥና አፈሩን እይ። በማርቆስ ዙሪያ፣ ወደ ደጀንና ብቸና በኩል ደግሞ ይበልጥ፣ ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ሞልቷል። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይኮማተራል። መጋቢት ወይ ሚያዝያ ላይ መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለው እንጨት ከተህ ምን ያህል እንደሚወርድ ሞክር። እንዲህ ያለ መሬት ላይ በደንብ ሳይወርዱ የተሠራ ቤት በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ መጀመሪያ የሚናገረውም መስኮት ነው። ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ብትል ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያ የወጣ ስንጥቅ፣ በሲሚንቶ ተለስኖ እዚያው መስመር ላይ እንደገና የተሰነጠቀ አታጣም። ባለቤቱ በየዓመቱ ያስለስናል፣ በሽታው ግን ከታች ነው።

መድኃኒቱ ዋልካውን አልፎ ጠንካራው አፈር ድረስ መውረድ ነው። በጣም ጥልቅ ከሆነ ደግሞ የተወሰነውን ቆርጦ አውጥቶ ገረጋንቲ (ጠጠራማ የመሙያ አፈር) መሙላት ነው፤ እሱም በአንዴ ተደፍቶ ሳይሆን በስስ በስሱ፣ ውሃ እየጠጣና እየተጠቀጠቀ። ምን ያህል ይወረድ የሚለውን ግንበኛህ በዓይኑ ገምቶ አይነግርህም። ጉድጓድ አስቆፍሮ አፈሩን አይቶ የሚወስን መሐንዲስ ነው። ለሱ የምትከፍለው ከጠቅላላ ወጪህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ የግንባታ ፈቃድ ለማውጣትም ማዘጋጃ ቤቱ ፕላን መጠየቁ አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። አጥሩ ጥግ ላይ ባሕር ዛፍ ካለ፣ ጎጃም ውስጥ ደግሞ የሌለበት አጥር ካለ ንገሩኝ፣ ከቤቱ ይራቅ። ሥሩ ከዋልካው ውሃ እየመጠጠ መሬቱን ያኮማትረዋል። አሸንዳም አትርሳ። ክረምቱን ሙሉ ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ መሠረቱ ሥር ከተኛ ገረጋንቲውም ብዙ አይረዳህም።

ፎቁን ደግሞ ዛሬ ካልወሰንክ ነገ አይሆንም። ብዙ ሰው ፌሮውን (የአርማታውን ብረት) ከኮለኑ (ከምሰሶው) አናት ላይ አስቀርቶ "ወደፊት ፎቅ እጨምራለሁ" ይላል። ክብደቱን የሚሸከመው ግን ከታች ያለው ፓድ (ምሰሶው የሚቆምበት የአርማታ መሠረት) እና ኮለን ነው፤ ለምድር ቤት የተሰላ ፓድ ስለተመኘህ ብቻ ፎቅ አይሸከምልህም። ስለዚህ ለመሐንዲሱ ከመጀመሪያው ንገረው፣ ለጂ ፕላስ ዋን (ለምድር ቤትና አንድ ፎቅ) ያስላልህ። ወጪው ከፍ ይላል፣ እውነት ነው። አቅም ካልፈቀደ ደግሞ ፎቁን እርግፍ አድርገህ ትተህ ጥሩ ምድር ቤት ሥራ፤ መሃል ላይ መንጠልጠል ነው ገንዘብ የሚበላው። ፎቁን ከመረጥክ የደረጃውን ቦታ ፕላኑ ላይ ዛሬውኑ አስይዝ፣ አለበለዚያ ኋላ ሳሎን ታፈርሳለህ። ሶሌታውን (የፎቁን ወለል አርማታ) ከሞላህ በኋላ ብር ካለቀም እንዲሁ ገላጣውን ለክረምት አትተወው። የኛ ዝናብ የዋዛ አይደለም። በርካሽ ቆርቆሮም ቢሆን አልብሰው፣ የቀረውን ፌሮም ከዝገት ሸፍነው።

ወደ ቴሌግራሙ ፕላን ልመለስ። እሱ ላይ ምጣድ የሚቀመጥበት አየህ? ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የሚሞላው ሮቶ የት ነው? 150 ካሬ ላይ ሦስት መኝታ፣ ሳሎንና ሰርቪስ ስትደረድር ግቢው ያልቅና ልቅሶም ሆነ ሠርግ ሲመጣ ዳስ የሚጣለው አስፋልት ላይ ይሆናል። እኔ ብሆን ቤቱን ወደ አንድ ጎን አስጠግቼ (ከአጥር ስንት ሜትር ይራቅ የሚለውን ማዘጋጃ ቤት ጠይቅ) ፊት ለፊት አንድ ሰፋ ያለ ቦታ አስቀር ነበር። ማድ ቤቱን ደግሞ ሚስትህ ትሣለው። አልቀለድኩም፣ ወረቀትና እርሳስ ስጣት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ከብሬከር የራሱ መስመር ይምጣለት፤ ከሶኬትና ከአምፖል ጋር ከተዳበለ ገመዱ ይግላል።

ቁፋሮውን ከመስከረም በኋላ ጀምር። ሰኔ ሳይገባ ጣሪያ ላይ ድረስ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ብቸና የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጆቼ ያለው የጭቃ ቤት ፈርሶ በብሎኬት ይሠራ ይላሉ። እኔ ግን ሙቀቱን እወደዋለሁ። ያረጀ ሐሳብ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ኧረ በፍጹም! የጭቃ ግድግዳ ቀን የሞቀውን ሌሊት ይዞ ያድራል። ብቸና የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሲበርድ ባለ ብሎኬቱ ጎረቤትዎ ጋቢ ደርቦ ያድር ይሆናል። ቤትዎ ይፍረስ ወይስ ይጠገን የሚለውን ግን ግድግዳው ሳይሆን እንጨቱ ነው የሚወስነው። ከመሬት ጋር የተገናኘበትን ቦታ በቢላ ወጋ ወጋ ያድርጉት። ቢላው እንደ ቅቤ ከገባ ምስጥ ወይ እርጥበት ጨርሶታል ማለት ነው። ደህና ከሆነ ከታች ዙሪያውን በድንጋይ ያስገንቡለት፣ የጣሪያውን ጠርዝ ወጣ ያስደርጉት፣ ከዚያ የጤፍ ጭድ ገብቶበት በደንብ በቦካ ጭቃ ያስመርጉት። ጭቃው በጥድፊያ ከሆነ ይፈረፈራል፣ ቢያንስ ጥቂት ቀን ይቡካ። እንጨት ከተተካ ደግሞ የሚቀበረው ጫፍ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባ።

ልጆችዎ የሚያሳስባቸው ዕይታ ብቻ ከሆነ ግድግዳውን በኖራ ያስቀቡላቸው። አዲስ ግንባታ ካሰቡ ግን ከተማ ውስጥ ስለሆኑ በጭቃ ይፈቀድ እንደሆነ ማዘጋጃ ቤት ቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነኝ። ቦታችን መንገዱ በምዕራብ በኩል ነው። ባለቤቴ "ሳሎን የግድ መንገድ ማየት አለበት" ብሎ ትላልቅ መስታወት ሊያስገባ ነው። ልክ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ እንደ ማርቆስ ብርዳማ አይደለችም። የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ የጣሪያ ጠርዝ ብቻ አይከላከላትም። ሳሎኑ መንገድ ይይ ካለ ይሁንለት፣ ግን ፊቱ ላይ 2 ሜትር የሚሆን በረንዳ ይውጣለትና መስኮቱ ይቀነስ። ከበረንዳው ፊት አንድ ማንጎ ብትተክሉ ጥላውንም ፍሬውንም ታገኛላችሁ። መኝታ ቤቶቹን ወደ ምሥራቅ አድርጓቸው። ነፋስ ገብቶ እንዲወጣ በየክፍሉ ሁለት መስኮት በሁለት አቅጣጫ ይኑር፣ ለትንኙም ወንፊት ይግባ። ኮርኒሱ ከቆርቆሮው በደንብ ይራቅ፣ በመሃሉም አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ይተውለት።

ይሄን ሁሉ አንብቦም ካላመነ ሚያዝያ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ሳሎኑ የሚሠራበት ቦታ ላይ ወንበር አውጪለትና ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ቡናውንም እዚያው አፍዪለት።