ፊደል የሚያስተምር መጫወቻ ስንገዛ ምን እንይ?

ጥያቄ፦ ልጄ 3 ዓመት ሊሞላት ነው። ፊደልና ቁጥር የሚያስተምር፣ ድምፅ ያለው መጫወቻ ልገዛላት አስቤ ብዛቱ ግራ አጋባኝ። ምኑን አይቼ ልምረጥ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ገልብጠው የባትሪውን ክዳን ይዩ። በብሎን የታሰረ መሆን አለበት፤ በጥፍር የሚከፈት ከሆነ ይተዉት። በተለይ እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ የሆነው ባትሪ ተውጦ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ዋጠች ብለው ከጠረጠሩ ሳያስመልሷት በቀጥታ ሆስፒታል ይውሰዷት። በሪሞት ድንጋይ የሚሠራው ይሻላል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ ግን አይቀላቅሉ፤ አሮጌው ቶሎ አልቆ ፈሳሽ ያወጣና መገናኛውን ያዝጋል።

ከዚያ ሱቁ ውስጥ ድንጋይ አስገብተው ያስሞክሩ። ልጆች መጫወቻ ጆሯቸው ላይ ስለሚለጥፉ እርስዎም እንደዚያው አድርገው ያዳምጡ። ከጮኸብዎት ለእሷ ይብሳል። ድምፅ መቀነሻ ከሌለው በድምፅ ማውጫው ቀዳዳዎች ላይ ፕላስተር ቢለጥፉበት ይረግባል።

አማርኛ የሚናገር ከሆነ «ቀ»ን እና «ከ»ን፣ «ጠ»ን እና «ተ»ን እያፈራረቁ ይጫኑ። ካልለያቸው አይግዙት፤ ልጅቷ የምትይዘው የሰማችውን ነው። አንድ ቁልፍ ሲነካ ዘፈን የሚለቅ ብቻ ሳይሆን «ሁለት የቱ ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሷን የሚጠብቅ ይሁን።

ስክሪን ካለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ዕድሜ የፈቀደው በቀን ቢበዛ 1 ሰዓት ነው።