በጅቡቲ መስመር ምን ልብላ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው። ከሞጆ ጅቡቲ ወደብ በተሳቢ መመላለስ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ወር ራሴን ሲያዞረኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ የደም ግፊቴ 160 በ100 መሆኑ ተነገረኝ፤ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ጨውና ክብደት እንድቀንስም ተመከርኩ። ይሁን እንጂ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጋቢና ከገባሁ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የረባ ነገር አልቀምስም። ቀኑን በለስላሳና በሻይ፣ አንዳንዴም በጫት አሳልፌ ማታ ከረዳቴ ጋር ጥብስ እናዛለን። ጓደኞቼ በአፋር ሙቀት ላብ ጨው ስለሚጨርስ ጨው መቀነስ ያደክማል ይሉኛል። ባለቤቴ ስንቅ ልቋጥርልህ ብትልም ይበላሻል ብዬ እምቢ እላለሁ። ምን ይሻለኛል?
የመስመር ሹፌር፣ ከሞጆ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ከጥብሱ ይልቅ ያሳሰበኝ ከንጋት እስከ ምሽት ድረስ ባዶ የሚውለው ሆድዎ ነው። 16 ሰዓት የተራበ ሰው ማታ ማዕድ ሲቀርብለት መጥኖ ሊበላ አይችልም፤ የቀኑን ሁሉ ምግብ በአንድ ጊዜ በልቶ ወዲያው ይተኛል፤ ክብደቱም የሚጨምረው በዚሁ ምክንያት ነው። ቀን ላይ ረሃቡን የሚያስታግሡበት መንገድም አልጠቀመዎትም። 300 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት የለስላሳ ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ስኳር አላት። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአንድ አዋቂ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል ይመክራል። ስለዚህ ሁለት ጠርሙስ ከጠጡ ስኳር በዛ ያለበትን ሻይ ሳንቆጥር እንኳ ከልኩ አልፈዋል። ጫትን በተመለከተ ሳልሸፋፍን ልንገርዎ፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ጠዋት የዋጡት መድኃኒት ዝቅ ሊያደርገው የሚታገለውን ግፊት ቀን ላይ መልሰው ያወጡታል። እባክዎ ይተዉት።

ስንቁን በተመለከተ ባለቤትዎን እንዲሰሟቸው እለምንዎታለሁ፤ ይበላሻል የሚለው ስጋትዎ ግን ተገቢ ነው። የበሰለ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባም፤ እንደ ገዋኔና ሚሌ ባለ ሙቀት ደግሞ ከአንድ ሰዓት አይለፍ። ስለዚህ ወጥ በምሳ ዕቃ ይዘው አይውጡ። ለቁርስ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንችና ዳቦ ቢያዝልዎ አዳማን እንዳለፉ ጥላ ፈልገው ቆመው ይብሉት፤ ከአዋሽ በኋላ የሚበሉት ግን ሙቀት የማይጎዳው ደረቅ ነገር ይሁን።

ከደረቅ ስንቅ ሁሉ እኔ የማስቀድመው በሶን ነው። መንገደኛ ለዘመናት የተማመነበት ምግብ ነው፤ ገብሱ ተቆልቶ ስለተፈጨ ማብሰያም እሳትም አይጠይቅም። ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ ያድርጉ፣ ንጹሕ ውሃ ጨምረው ክዳኑን ያጥብቁና እጅዎ እስኪደክም ይናጡት፤ ጓል ከቀረበት ጥቂት ቆይተው ደግመው ይናጡት። ስኳርም ጨውም አይግባበት። መጀመሪያ ጣዕሙ ደብዛዛ ሊመስልዎ ይችላል፤ ጥቂት ጉዞ ታግሠው ሲለምዱት ግን የተቆላው ገብስ ጣዕም ብቻውን ይበቃል። ከዚህ ጋር ጨው ያልነካው የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ አንድ እፍኝ ለውዝም ይያዙ። ከፍራፍሬ ብርቱካን ይሻልዎታል፤ ሙዝ በጋቢና ሙቀት በአንድ ቀን ይጠቁራል፣ ብርቱካን ግን ከመቀመጫ ኋላ ጥላ ውስጥ ከተቀመጠ ቀናት ይቆያል።

ጓደኞችዎ ስለ ጨው የነገሩዎት በፀሐይ ጉልበቱን ሲያፈስ ለሚውል ሠራተኛ በመጠኑ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ተቀምጦ ለሚነዳና የደም ግፊት ላለበት ሰው ግን አይሠራም። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ሲሆን፣ በመንገድ ዳር ምግብ ቤት የሚበሉት አንድ ማዕድ ብቻውን አብዛኛውን ሊሸፍነው ይችላል። በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ ጨው አብሮ ስለሚገባባቸው፣ ምጣድ ላይ ሌላ ጨው ሲጨመር እጥፍ ይሆናል። በላብ የሚያጡትን ጨው ማዕዱ ራሱ ይመልስልዎታል፤ የሚጎድልዎ ውሃ ነው። ብዙ ሹፌሮች መኪና ማቆሙን በመጥላት ውሃ እንደሚቆጥቡ አውቃለሁ። ሽንትዎ ከጠቆረ ውሃ አንሶዎታል ማለት ነው።

የማታውን ማዕድ በተመለከተ፣ ምሽት 3 ሰዓት ይደረግ የነበረውን ወደ 1 ሰዓት ያምጡት። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ሳይሆን በሌላውም ቀን በያይነቱ ይዘዙ፤ ምስሩ፣ ጎመኑና ክኩ ከጥብስ የተሻለ ያጠግብዎታል፤ የሆድ ድርቀትም ያቃልላል። እንጀራው አንድ ይሁን። ጥብስ ካማረዎት ከረዳትዎ ጋር አንዱን ለሁለት ተካፍላችሁ፣ ዘይቱ እንዲያንስና ጨው ለብቻው እንዲመጣ ንገሯቸው፤ ደንበኛ ሲጠይቅ እሺ የሚሉ ጥቂት አይደሉም። መንገድ ላይ በጄሪካን የሚሸጥ የግመል ወተት ቢያጋጥምዎ ሳይፈላ አይጠጡ፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር ልጨምር። ከደም ግፊት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሽንት ያበዛሉ፤ በዚህ ምክንያት በጉዞ ቀን ሳይውጡ የሚቀሩ ሹፌሮች አሉ። እርስዎ እንደዚያ አያድርጉ፤ ይልቁንም ቀጣዩ ጉዞዎ ሳይደርስ መድኃኒቱን ወዳዘዙልዎ ባለሙያ ተመልሰው መንገድዎ በአፋር ሙቀት ውስጥ የሚያልፍ መሆኑን፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚቆሙና ጫት ይቅሙ እንደነበር ሁሉንም ያስረዱ፤ ዓይነቱን ወይም የሚወስዱበትን ሰዓት ሊቀይሩልዎ ይችላሉ። መሪ እንደያዙ ራስዎን ቢያዞርዎ ግን ቀጣዩ ከተማ ቅርብ ነው ሳይሉ እዚያው ዳር ይዘው ያቁሙ፣ ውሃ ይጠጡ፣ በዚያም ቀን ሳይመረመሩ ወደ መሪው አይመለሱ።